የአማቱ ነጠላ ጫማ

ሰውየው የድምፅ ባለሙያ ነው። ቢሮ ውስጥ ሁሉም «ጆሮው» ይሉታል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ቅጽል ስሙን ከሁሉም ኋላ የሰማው እሱ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ የቪዲዮ ጌም የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነው። የጥርስ መቦርቦሪያው ከታች ሲጮኽ ሌላው ሠራተኛ መስኮት ይዘጋል፤ ጆሮው ግን ማይክሮፎኑን ይዞ ይወርዳል።

ያን ዓመት የያዙት ሥራ አስፈሪ ጌም ነበር። ተጫዋቹ መብራት የጠፋበት ባዶ ሆስፒታል ውስጥ ብቻውን መውጫ ሲፈልግ፣ የማይታይ ነገር ከኋላ ይከተለዋል። በሌላው ሁሉ ተስማምተው ድምፁ ላይ ሲደርሱ ተጣሉ።

«ሙዚቃ ይግባበት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ከበሮው ሲጎላ ሰው መፍራት እንዳለበት ያውቃል። ካልነገርነው በምን ይወቅ?»

«ሙዚቃ ከሰማማ ሊመጣብኝ ነው ብሎ ይዘጋጃል» አለ ጆሮው። «ዝም ካልን ግን መቼ እንደሚመጣበት አያውቅም። የውኃ ጠብታ፣ ሲጥ የሚል በር፣ ከሩቅ የሚጎተት እግር ይበቃል።»

«ዝም ለማለትማ ደመወዝ አልከፍልህም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ሲቀልድ መሳቅ የሥራው አንድ ክፍል ነበር። ሙዚቃውም ቢሆን ባለቤት አላጣም፤ የሥራ አስኪያጁ የሚስት ወንድም በየሰርጉ ኪቦርድ የሚጫወት ነው።

ጆሮው ክርክሩን ትቶ ቤቱ ገባና መቅዳት ጀመረ። ቅዳሜን ሙሉ ማቀዝቀዣውን ሲያዳምጥ ዋለ።

«ለማቀዝቀዣው የምትሰጠውን ጆሮ ሩቡን ለእኔ ብትሰጠኝ የት በደረስን» አለችው ሚስቱ።

«እ?» አለ፣ ማዳመጫውን ከጆሮው አንስቶ።

የፈለገውን ያገኘው ግን ከአማቱ ነው። አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሲመጡ ነጠላ ጫማቸው «ሸርተት... ጠፍ፣ ሸርተት... ጠፍ» ይላል። አንድ ቀን ብቅ ሲሉ አማቻቸው ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኳል።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«ምንም እማማ። እስቲ አንዴ ተመልሰው ይምጡልኝ።»

ሰባት ጊዜ አመላለሳቸው። እሳቸውም «አማቼ ጉልበቴ እንዲፍታታ ብሎ ያስኬደኛል፤ ከሐኪሙ እሱ ይሻላል» ብለው ለጎረቤት አወሩለት።

የሙከራው ቀን ደረሰና ስድስት ተጫዋቾች ተጠሩ። መጀመሪያ ሙዚቃ ያለበት ተከፈተ። አንዱ ወዲያው በእግሩ ምት ይመታ ጀመር። አንዲት ልጅ ጌሙ ውስጥ ያ የማይታይ ነገር ሲበላት ትከሻዋን ትነቀንቅ ነበር። ሌላው ሲጨርስ ስለ ጌሙ አንድም ቃል ሳይናገር «ዘፈኑን ትልኩልኛላችሁ?» አለ። ሥራ አስኪያጁ «በጣም ተወዷል» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ቀጥሎ «አምጣው፣ ይህን ዝምታህን እኔው ልየው» ብሎ ማዳመጫውን አጠለቀ።

ለሁለት ደቂቃ ያህል ፈገግ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ሸርተት... ጠፍ። ጌሙ ውስጥ መዞር ሲገባው ወንበሩ ላይ ዞረ፤ ከኋላው ጸሐፊዋ የሚፈረም ወረቀት ይዛ ቆማለች። ቆሌው ተገፎ ከነወንበሩ ተዘረረ። ማንም አልሳቀም። ቀልድ ይሁን አይሁን ገና አልነገራቸውም።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ጆሮው ረታሁ ብሎ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ገባ።

«ድምፁ ግሩም ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ግን ሰው እንዲህ ከፈራ ግማሽ መንገድ ላይ አጥፍቶ ይሄዳል። ስለዚህ እንዲረጋጋ ሙዚቃ እንጨምርበታለን።»

ለማስፈራት የተሠራው ሙዚቃ ለማረጋጋት ገባ። የሚስት ወንድምም በሁለቱም ተስማማ፤ አንድ ምት እንኳ አልቀየረም። ጆሮው አንድ ነገር ብቻ ለመነ፦ የጌሙ ማስተካከያ ገጽ ላይ ሙዚቃ ማጥፊያ ይኑር። ያንን ገጽ ማንም አይከፍተውም ብለው ፈቀዱለት።

ጌሙ እንደወጣ ሚስቱ ከፍታ ሰማችው።

«የእናቴን እግር ለጭራቅ ሰጠኸው?»

አማቱም ከሶፋው ሆነው ሰምተዋል። ጆሮው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

«ታዲያ ሰው ፈራ?» አሉት።

«አለቃዬ ከወንበሩ ወደቀ፣ እማማ።»

«ሰባ ዓመት ስኖር የፈራኝ ሰው የለም። የወለድኳቸው እንኳ» አሉና ለጎረቤት ሊነግሩ ተነሡ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተጫዋቾች «ሙዚቃውን አጥፍታችሁ ሞክሩት» መባባል ጀመሩ፤ ጌሙም ስሙ ገነነ። ሥራ አስኪያጁ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ «ዝምታን የመረጥነው ከመጀመሪያው አስበንበት ነው» ሲል ጆሮው ከሚስቱ ጋር ይሰማ ነበር። ሚስቱ ተናዳ ልትዘጋው እጇን ሰደደች።

«ተይው» አላት። «ስሚው፣ ሲዋሽ ምላሱ ላንቃው ላይ ይጣበቃል። እንዲህ ያለ ድምፅ ተፈልጎም አይገኝም።»

መቅጃውን ሊያመጣ ሄደ።