የሞጣው አማች አጥንት

የሽታ ሳሙና ሲሸተኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጥርጣሬ ነው። ትናንት ጠዋት አንዲት አዲስ ተከራይ የግቢያችን ቧንቧ ሥር ፊቷን ስትታጠብ ሽታው በመስኮቴ ገባና፣ ገና ስሟን እንኳ ሳላውቅ «ይቺ ደግሞ ምን ልትደብቅ ነው?» አልኩ በሆዴ። ምስኪን፣ ምን ትደብቃለች፤ ፊቷን ነው የታጠበችው። ግን እኔ የብቸና ልጅ ነኝ፣ ያውም የአባቴ ልጅ።

እንደዚያ የሚሸት ሰው መጀመሪያ ያየሁት አክስቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ነው። የአባቴ ታናሽ እህት ናት። የመጀመሪያ ባሏን ፈትታ፣ ብቸና ተመድቦ የነበረ የአንድ አስተማሪን ሚስት ተከትላ ከሄደች ዓመታት አልፈው ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ወደ መጨረሻው ገደማ። በጋ ነበር፤ ከእህል መኪና ላይ አቧራ ለብሳ ገበያው ዳር ወረደች። ቤት ገብታ ስትታጠብ ጓዳው ሳይቀር ሳሙና ሳሙና ሸተተ። እናቴ አቀፈቻትና አንገቷ ሥር ጠለቅ አድርጋ አሸተተቻት፤ ከዚያ እኔን በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ገብቶኛል። እንዲህ የሚሸት ሰው የሚሸፍነው ነገር አለው ማለቷ ነው።

አክስቴ ስለ ከተማዋ ማውራት አይሰለቻትም። ውኃው በቧንቧ ደጅ ድረስ ይመጣል፤ እንስራ የሚያጎብጠው ወገብ የለም። መንገዱ ላይ መብራት ተተክሎ፣ ሰው ከመሸም የገዛ ጥላውን እያየ ይሄዳል። ዳቦ ቤቱ በማለዳ ይከፈታል፤ ትኩሱን ዳቦ በነጠላሽ ጠቅልለሽ ስትመለሺ ደረትሽን ያሞቅሻል። አውቶቡስ ውስጥ የቢሮ ጸሐፊና እንጨት ሻጭ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ተነሽልኝ የሚባል ነገር የለም። ይህን ሁሉ ስታወራ ፊቷ ይበራል። ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን ግን መጨረሻ ላይ ነገረችን።

«ማንም የማን ልጅ ነሽ አይልሽም» አለች። «ስምሽን ይጠይቁሻል፣ እንደምን አደርሽ ይሉሻል፣ አለቀ።»

እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። አባቴ ግን ዝንብ የሚከላከልበትን ጭራ ጭኑ ላይ አሳረፈ።

አባቴ ማን እንደነበር ልንገርህ። በብቸናና በዙሪያዋ ልጅ ሊድር ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እርሱ ነበር። አጥንት ቆጣሪ ነው። የሙሽራውን ዘር በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጥራል። ዝምድና አለመኖሩን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ መሐሉ አለመግባቱንም ነው። ያን ጊዜ ባለ እጅ ሁሉ ቡዳ ነው ይባል ነበር። ማጭዳቸውን እንገዛለን፣ በምጣዳቸው እንጋግራለን፣ ከገበታቸው ግን አንቀርብም። አባቴ «ንጹህ ነው» ካለ ይደገሳል፤ ራሱን ነቅንቆ ዝም ካለ ጠላው ተጠምቆ እንኳ ሠርጉ ይቀራል። እንዲህ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቱ ከዚያ ወዲያ ገበያ ስትወጣ እስከ ዓይኗ ድረስ ትከናነብ ነበር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል አባቴ፣ ስለ ሰው ሲነሣ ሁልጊዜ።

በማግሥቱ ስለ ባሏ ጠየቃት። ሞጣ የተወለደ መሆኑን፣ በሰማንያ መጋባታቸውን፣ ጋራዥ እንደሚሠራ ነገረችው። ጋራዥ ምን እንደሆነ በእኛ ቤት የሚያውቅ አልነበረም። መኪና የሚጠገንበት፣ የተሰበረ ብረት የሚበየድበት ነው ብላ አስረዳች፤ ደንበኞቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሰላም እንደሚሉትም ጨመረችበት። አባቴ ከዚያ ሁሉ ወሬ የመረጠው አንዲት ቃል ነው።

«ብረት» አለ ቀስ ብሎ። «የሞጣ የማን ልጅ ነው?»

አክስቴ ሳቀች። «ወንድም ዓለም፣ አዲስ አበባ እኮ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።»

ብትዋሽ ይሻላት ነበር። አባቴ ውሸትን ቆጥሮ ያጣራዋል፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ይነሣዋል።

ነገሩ ደግሞ የእርሷ ብቻ አልነበረም። የመጣችው እኔን ይዛ ልትሄድ ነው። ስፌት ትምህርት ቤት ላስገባት፣ ከእኔ ዘንድ ትቀመጥ ብላ ጠየቀች። የእኔ ልብ ቀድሞ ተሳፍሯል። እንስራ አዝዬ ከወንዝ ስወጣ ዳቦ ቤቱ ይታየኛል፣ አውቶቡሱ ይታየኛል። አባቴ ግን አጥንቱን ከማያውቀው ሰው ቤት ልጁን እንደማይሰድ ለእናቴ ቁርጡን ነገራት። እኔም እንደዚያ ልሂድ ልሂድ እያልኩ አክስቴን እጠረጥራት ነበር። ለምን ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል? የባሏን አባት ስም ስጠይቃት ለምን ስለ ሲኒማ ታወራኛለች? መጠርጠር በቤታችን እንደ በርበሬ ነበር፤ ያልገባበት ወጥ የለም።

አንድ ማለዳ አባቴ በቅሎውን አስጫነና ለርስት ጉዳይ ግንደወይን ደርሼ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። እናቴ አመነችው፣ ወይም ያመነች መሰለች።

ጎረቤታችን ጠላ ሻጭ ነበረች፤ ወሬ አያልፋትም። ከቀናት በኋላ ከአክስቴ ጋር ገበያ ወጥተን ሽንኩርት ስንመርጥ አገኘችንና፣ ያዘነች መስላ ወደ አክስቴ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ወንድምሽ እኮ ግንደወይን አልቀረም፤ ሞጣ መግባቱን ከመንገደኛ ሰማሁ» አለቻት። «ምን ይደረግ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

አክስቴ የመረጠችውን ሽንኩርት መልሳ መደቡ ላይ አስቀመጠችና እጄን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ። ጓዳ ገብተን በሩን ዘጋችና ነገረችኝ። የባሏ አባት ሞጣ፣ ከገበያው በታች፣ ወናፍ እያስነፋ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ነው። ባሏም ያደገው እዚያው እሳት ዳር ነው። አዲስ አበባ ሲገባ ያው የአባቱ ሙያ ጋራዥ አስቀጠረው። ያው እሳት፣ ያው መዶሻ፤ እዚያ ግን ሰው ከእጁ ይበላል፣ ጎረቤቶቹ አራሱን ሕፃን ሳይቀር ያስታቅፉታል፣ ዓይኑን ፈርቶ ልጁን የሚሸፍን የለም።

«ከተማዋን የወደድኳት ለመብራቷ መሰለሽ?» አለችኝ።

ፀንሳ ነበር። ጥሩ ጥሩውን እያወራች፣ ልጁ ከመወለዱ በፊት ወንድሟን ከባሏ ልታዛምድ ነበር አመጣጧ። እኔን ወስዳ ብታስቀምጠኝ ሊጠይቀኝ ይመጣል፣ ሲመጣ ባሏን ያያል፣ ካየው ይወደዋል ብላ አስባ ነበር። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔም የጠረጠርኩትን ሁሉ እያሰብኩ አብሬያት አለቀስኩ።

ነገ የደጀን መኪና አለ፣ ተነሽ እንሂድ አለችኝ። አባየ ይመለስና ልስማው አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? የአባቴን ቤት ሳልሰናበት እንዴት እወጣለሁ?

«እርሱ ከሞጣ ሲመለስ እህት አይኖረውም» አለች። «ሲክደኝ ቆሜ ከማይ፣ ሳይክደኝ ልሂድ።»

በማግሥቱ ሄደች። እናቴ ደጅ ቆማ አለቀሰች እንጂ ለምን እንደቸኮለች አልጠየቀቻትም።

አባቴ የደረሰው በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው። ወሬው ቀድሞት ኖሮ ሽማግሌዎቹ ደጃችን ተቀምጠው ይጠብቁታል፤ ጠላ ሻጯም የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል አጥራችን ሥር ታጎነብሳለች። ከበቅሎው ወረደ። እኔ እውነቱን አውቀዋለሁ፤ ከአፉ እስኪወጣ ነው የምጠብቀው።

«አጥንቱን ቆጥሬዋለሁ» አለ። «እስከ ሰባት ቤት። ንጹህ ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ ከማን ወገን እንደሆነ ሊጠይቀው ጀመረ። አባቴ ቀና ብሎ አየውና «እኔ የቆጠርኩትን አንተ ልትደግመው ነው?» አለው። ሰውየው አፈረ። ዕድሜ ልኩን በዚያች ቃል ስንቱን ሲያጋባና ሲለያይ የኖረ ሰው ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል? ተመራርቀው ተበተኑ።

አባቴ ከኮርቻው ላይ በቅል የታሰረ ማር ፈትቶ እየሳቀ ገባ። አማቶቿ የላኩላት ነው፣ እህቴ የት አለች አለ። ሞጣ መሄዱን ሰምታ ጠዋት በደጀኑ መኪና እንደሄደች ነገርኩት።

«ሳትሰማኝ?» አለ። ማሩን እንደያዘ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

በኋላ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ሞጣ የገባው ነገሩን ነቅሎ ሊያወጣ ነበር። ሽማግሌው ቀጥቃጭ አባቴ የማን ወንድም መሆኑን ሲሰማ መዶሻውን ጥሎ ተነሣ፤ እጁን ታጠበ፣ አልበቃው ብሎ ደግሞ ታጠበ። ገበታ ሲቀርብ ራቅ ብሎ ግድግዳው ሥር ቆመና፣ ባይበሉም አንቀየምም፣ ለወጉ ነው ያቀረብነው አለው። አባቴ «ያን ጊዜ አፈርኩ» አለኝ። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፤ ሽማግሌውንም ጎትቶ አጠገቡ አስቀመጠው።

ከዚያ ወዲያ ለማንም አጥንት አልቆጠረም። ዓይኔ ደክሟል ይላቸው ነበር፣ አጥንት በዓይን የሚቆጠር ይመስል። ወደ አዲስ አበባ በሚወጣ ሾፌር ሁሉ መልእክት ይልካል፤ ሾፌሮቹ የት ሰፈር ናት ይሉታል። ሰፈሯን ጠይቀናት አናውቅም ነበር። እኛ የጠየቅናት የባሏን አባት ነው። ሞጣም ላከ። ሽማግሌው ቀጥቃጭ ልጁ በመንገደኛ ሰላምታ ይልክ እንደነበር፣ ካለፈው በጋ ወዲህ ግን እርሱም እንደተቋረጠ መለሰለት። ፈርታ ባሏንም ዝም አሰኝታዋለች ማለት ነው። ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፣ አገሩ ተተራመሰ። አባቴ ጊዜው ረገብ ሲል እኔን ጠርቶ፣ ሂጂ ፈልጊያት አለኝ። ማን ቤት ልረፍ ብዬ ስጠይቀው ሰው ቤት አለኝ እንጂ የማን ልጅ ቤት አላለኝም።

ይኸው እዚሁ ቀረሁ። ሰፍቼ ኖርኩ፣ እኔም ከተማዋን ወደድኳት። ስታመም ሾርባ ይዛ የምትገባው ጎረቤቴ አገርሽ የት ነው ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። አክስቴን ያኖራት ይህ ነው፤ ከእኔም የሸሸጋት ይኸው ነው። የብቸናው አጥንት ቆጣሪ እህት ብዬ በየጋራዡ ብጠይቅ ማን ያውቃል? ታክሲ ውስጥ በዕድሜው የአክስቴ ልጅ ሊሆን የሚችል ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ የአባቴን ግንባር እፈልግበታለሁ። አንዳንዱ ይጠረጥረኝና ቦርሳውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። አልፈርድበትም።

አባቴን መጨረሻ ያየሁት ታሞ ብቸና የሄድኩ ጊዜ ነው። ድምፁ ደክሟል። አላገኘኋትም አልኩት። እንደማላገኛት የጠረጠረ አይመስልም ነበር፤ እርሱ፣ ሁሉን የሚጠረጥር ሰው።

«ስታገኚያት ነገር አታብዢባት» አለኝ። «ወንድምሽ ከገበታቸው በልቷል በያት። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር። እሱንም ንገሪያት፣ እንድታምንሽ።»