ሁለተኛው ቅጽ

ሱሉልታ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ አራተኛ ክፍሎች የሚማሩበት ክፍል፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር የምርጫ ጣቢያ ይሆናል። ዴስኮቹ ሜዳ ላይ ይወጣሉ፣ ጥግ ላይ አንሶላ ይወጠርና በሚስጥር ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ይባላል። እዚያ ክፍል ውስጥ አራት ምርጫ አስፈጽሜያለሁ። የምርጫ ክልላችንን ወንበር ማን እንደያዘው ለሚጠይቀኝ መልሱ አጭር ነው፤ አራቱንም ጊዜ ያው አንድ ወገን ነው። ያ መልስ ግን የመጀመሪያው ቆጠራ ላይ የሆነውን አይናገርም። እኔም ለብዙ ዓመት አልተናገርኩም።

ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነበር። የተቃዋሚዎቹ ታዛቢ ሆነው የተቀመጡት ከቤታችን ዝቅ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የፓርቲ ሰው አልነበሩም። ማንበብ ስለሚችሉና ሰፈሩ ስለሚያምናቸው ለምነዋቸው ነው የመጡት። እኔ ኦቦ ነበር የምላቸው፤ በኦሮምኛ «አቶ» እንደማለት ነው። ልጅ ሆኜ ወተት ልገዛ ስሄድ፣ «አከም ጂርተ?» ብለው ደህንነቴን ይጠይቁኛል፤ በኦሮምኛ ካልመለስኩ ጣሳዬ አይሞላም። እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ስለነበረች ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛ አይነገርም፤ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት እሳቸው በር ላይ ቆሜ ነው።

የዚያን ቀን ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ጎጃም መንገድ ደርሶ ነበር። ሽማግሌዎች ተደግፈው መጡ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሰልፉ ላይ ምጥ ይዟት፣ «ድምፄን ሳልሰጥ አልሄድም» ብላ አስቸገረችን። ቆጥረን ስንጨርስ ነግቶ ነበር። የተቃዋሚዎቹ ዕጩ በእኛ ጣቢያ በሰፊው አሸንፏል። አስፈጻሚዎቹም ታዛቢዎቹም ፈረምን፣ ውጤቱን በሩ ላይ ለጠፍን። ኦቦ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወረቀቱን አንድ በአንድ አነበቡና፣ «ልክ ነው» ብለው ላሞቻቸውን ሊያልቡ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ተጠራሁ። የጣቢያው ኃላፊና ከወረዳ የመጡ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ቅጽ አለ። «ቆጠራው ላይ ስህተት ተገኝቷል፤ ተስተካክሏል» አለኝ አንደኛው። አየሁት። የሁለቱ ዕጩዎች ድምፅ ቦታ ተለዋውጧል። ኃላፊያችንና ሌላዋ አስፈጻሚ ፈርመዋል።

«እኔ እኮ ስቆጥር ነበርኩ» አልኩ።

ሰውየው አልተቆጣም። «ወንድምሽ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው አይደል?» አለኝ። «ጎበዝ ተማሪ ነው ይባላል።»

በዚያ ሳምንት የሰፈራችን ወጣቶች በመኪና እየተጫኑ ይወሰዱ ነበር። ሌላ ነገር ሳልጠይቅ ሦስተኛው መስመር ላይ ፈረምኩ። እጄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። ይህን የምጽፈው ተንቀጥቅጧል ብል ስለሚቀለኝ ነው።

ወዲያው ኦቦን አስገቧቸው። እኔ ገና አልወጣሁም። ወረቀቱን አንስተው፣ በሩ ላይ እንዳደረጉት ሁሉ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ፊርማዎቹ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። ቀና ብለው ግን አላዩኝም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡ።

«እኔ የቆጠርኩት ይሄን አይደለም» አሉና ወጡ።

በሳምንቱ ወሰዷቸው። ክረምቱም መስከረምም አለፈ፤ የተመለሱት ለገና ነው። አንድ እግራቸው አይታጠፍም። ላሞቹን ሚስታቸው ሸጠዋቸው ነበር። መንገድ ላይ ሳገኛቸው እንደ ድሮው ሰላም አሉኝ፣ የእናቴን ጤና ጠየቁኝ። እኔ የጫማዬን ጫፍ እያየሁ መለስኩ። ወንድሜ ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። እስካሁን ምንም አያውቅም።

በሁለተኛው ምርጫ ኦቦ በማለዳ መጥተው፣ «ታዛቢ ያስፈልጋችኋል?» ብለው ጠየቁ። የታዛቢ ወንበሮቹ በሙሉ ተይዘዋል፤ የተቀመጡት ሁሉ ከአንድ ወገን ናቸው። «ሞልቷል ኦቦ» አልኳቸው። ድምፃቸውን ሰጡና ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የሚገባውንም የሚወጣውንም ያያሉ። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ መጥቶ እስኪያስነሳቸው ድረስ አልተንቀሳቀሱም።

ሦስተኛው ምርጫ ጸጥ ያለ ነበር። አንድም የተቃዋሚ እንደራሴ ፓርላማ አልገባም። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግን በሱሉልታም፣ በቡራዩም፣ በሰበታም መሬቱ የተነካበት ሁሉ መንገድ ላይ ወጣ። የኦቦ የአጃ ማሳ ከዚያ በፊት ታጥሯል፤ መጋዘን ይሠራበታል ተብሎ ነበር። የመጨረሻ ልጃቸው አንድ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ወጣና በቃሬዛ ተመለሰ።

ለቅሶ ስሄድ ድንኳኑ ሞልቶ መቀመጫ አልነበረም። ኦቦ ሲያዩኝ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። እስኪመሽ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። እነግራቸዋለሁ እያልኩ አፌ ላይ ሲደርስ ሌላ ለቀስተኛ ይገባል። ሳልናገር ወጣሁ።

ለአራተኛው ምርጫ የመራጮች ምዝገባ ላይ ተመደብኩ። ሰው አይመጣም። ተቃዋሚዎቹ ራሳቸውን አግልለው፣ በእኛ ምርጫ ክልል የቀረው ዕጩ አንድ ብቻ ነበር። ኦቦ በከዘራ ተደግፈው መጡ። መታወቂያቸው ጊዜው አልፏል፤ ቤታቸው ለመንገድ ፈርሶ ትልቁ ልጃቸው ዘንድ ተጠግተዋል፣ የሚያድስላቸው ቀበሌም የለም። ነዋሪ መሆናቸውን የሚመሰክሩ ሰዎች ፈልጌ፣ ተሯሩጬ አመጣሁ። ምስክሮቹ ሲሄዱ ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«ኦቦ፣ ያኔ ፈርሜያለሁ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ።»

«ወንድሜን ይወስዱታል ብዬ ነው።»

ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሰላም ይሉኛል። ለምንድን ነው ያልጠሉኝ?»

«አልጠላሁሽም ብዬሻለሁ እንዴ?» አሉኝ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «የጎረቤት ልጅ ነሽ፣ ሰላም እልሻለሁ። ያ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው። እስር ቤት ውስጥ ሲመቱኝ የነዚያን ሰዎች ስም አላስብም ነበር። የማስበው ያንቺን ነው። እነሱን አላውቃቸውም፤ አንቺን ግን ወተት ሰጥቼ ነው ያሳደግኩሽ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ትንሽ ሆነብኝ፤ ቢሆንም አልኩት። መዝገቡን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉ።

«በይ ጻፊኝ» አሉ።

«አንድ ዕጩ ብቻ እኮ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ። ስሜ ይጻፍ።»

ጻፍኳቸው። በድምፅ መስጫው ቀን አልመጡም፤ ታመው ተኝተዋል ተባለ። በዚያው ክረምት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ዝናብ ስለነበር ሰዉ ቶሎ ተበተነ።

አሁን ከተማችን ከእነ ቡራዩና ሰበታ ጋር ተጠቃልሎ አንድ ትልቅ ከተማ ሆኗል። ካርታው ተቀይሯል፤ የምርጫ ክልላችን ወዴት እንደሚገባ ስጠይቅ ሁሉም የተለያየ መልስ ይሰጠኛል። ሌላ ምርጫ እየመጣ ስለሆነ ርዕሰ መምህሩ የአስፈጻሚዎች ዝርዝር ላይ ስሜን አስገብቶ ነበር፤ ልምድ አላት ብሎ። ልታገለል እፈልጋለሁ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። በመጨረሻ የጤና ችግር ብዬ ሞላሁት። ርዕሰ መምህሩ እግዜር ይማርሽ አለኝና በእኔ ቦታ ዘንድሮ የተቀጠረችውን መምህርት መደባት። በእረፍት ሰዓት መጥታ፣ «ሥራው ከባድ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይ፣» አልኳት፤ «ብዙም አይከብድም።»