የቴርሞሜትር አራተኛ ቦታ

ሹፌሮቹ «ቴርሞሜትር» ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ቢኖርም ረስቶታል፤ እሷም ከለመደችው ቆይታለች። የታክሲ ባትሪ መቀየሪያ ጣቢያ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የኤሌክትሪክ ታክሲ ኃይሉን ጨርሶ እየተጎተተ ሲገባ በክሪክ ታነሳዋለች፣ ብሎኖቹን ትፈታለች፣ የደከመችውን ባትሪ በጋሪ ስባ ታወጣና ቻርጅ የሞላችውን ትገጥማለች። ሹፌሩ ሻዩን ሳይጨርስ መኪናው ዝግጁ ነው።

ታዲያ ከመግጠሟ በፊት ጓንቷን ታወልቅና የእጇን ጀርባ በባትሪዋ ላይ አራት ቦታ ታሳርፋለች፤ ያተኮሰውን ልጅ ግንባር እንደምትዳስስ እናት። «ይህቺን አልወደድኳትም» ካለች አለቀ፤ ባትሪዋ ወደ ጥግ ትገፋለች። ይህን ያስተማራት የለም። ትምህርቷን ያቋረጠችው ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሦስት ልጆች ብቻዋን ስታሳድግ ግን የስንቱን ግንባር ዳስሳለች።

አንድ ሰሞን ትልቅ ማሽን መጣ። መኪናው መድረክ ላይ ይወጣል፣ ማሽኑ ከሥር ሆኖ ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይገጥማል። አለቃዋ ዓይኗን ማየት አቅቶት ማሽኑን እያየ «እንግዲህ የወደፊቱ ይሄ ነው» አላት።

«እኔስ?»

«አንቺማ... እስቲ እናያለን።»

ይህችን «እስቲ እናያለን» ታውቃታለች። መኪና ታጥብበት ከነበረው ነዳጅ ማደያም የተሰናበተችው በዚችው ቃል ነው። የመጨረሻዋ ልጇ ደግሞ ነርስ ሆና ለመመረቅ አንድ ዓመት ይቀራታል። ይህቺን አንድ ዓመት ብቻ ነበር የምትፈልገው።

ማሽኑ በሚሞከርበት ቀን የመጀመሪያው ደንበኛ ተማሪ የሚያመላልሰው ወፍራሙ ሹፌር ሆነ። ማሽኑ አንዲት ባትሪ መርጦ ከመደርደሪያው አወጣ። እሷም በልማድ እጇን ሰደድ አደረገች።

«ይህቺን አልወደድኳትም።»

ማሽኑን የተከለው መነጽራም መሐንዲስ ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ስክሪኑ እኮ አረንጓዴ ነው።»

«ስክሪኑ ይውደዳታ! እኔ አልወደድኳትም።»

«ወንድሜ፣ አትድከም» አለ ወፍራሙ ሹፌር። «ቴርሞሜትር ያላለፈቻትን ባትሪ እኔ አልጭንም። ከኋላ የማስቀምጠው የሰው ልጅ እንጂ የሽንኩርት ጆንያ አይደለም።»

መሐንዲሱ እያጉረመረመ ፈታት። ከሶኬቱ አጠገብ ያለው ማያያዣ ላልቶ፣ ፕላስቲኩ መቅለጥ ጀምሯል። ማሽኑ ሙቀት የሚለካው መሐል ላይ ብቻ ኖሯል። ሰውየው መነጽሩን ጠረገና ማርከር አወጣ።

«እትዬ፣ የት የት ነው የሚነኩት? መለኪያ ላደርግባቸው።»

አንዱን አሳየችው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። እሱ እየተከተለ በማርከሩ ያከብባል። አራተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። አራተኛውን ቦታ ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም። በሆዷ ብትይዘው ማሽኑ ያለ እሷ አይታመንም፤ ቢያንስ ልጅቷ እስክትመረቅ።

«ሦስት ናቸው?» አለ መሐንዲሱ።

ዓይኗ ወደ ታክሲው ሄደ። የኋላ ወንበር ላይ አንድ ልጅ የረሳው የምሳ ዕቃ ተቀምጧል።

«አራት ናቸው» አለችና ማርከሩን ከእጁ ተቀብላ ራሷ አከበበችው።

ወሩ ሲያልቅ «እስቲ እናያለን» የተባለው ታየ። ግማሽ ቀን ብቻ፣ መኪናዎቹን ወደ መድረኩ እየመራች ማስገባት። ደመወዙም እንደ ቀኑ ግማሽ ሆነ። አልተከራከረችም። ማታ ለልጇ ስትነግራት ልጅቷ «እማ፣ እኔም ከትምህርት መልስ ግማሽ ቀን ሥራ እፈልጋለሁ» አለች። «ግማሽና ግማሽ አንድ ነው፤ እስከዚህ ድረስማ አንቺም ተምረሻል።» ሁለቱም ሳቁ።

በማግስቱ ወፍራሙ ሹፌር መጣ። ማሽኑ ባትሪውን ቀየረለትና አረንጓዴው በራ። ሰውየው ግን አልነቃነቅ አለ፤ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ነካሻት?»

«ማሽኑ አራቱንም ቦታ ነክቷል።»

«እሱን ማን ጠየቀሽ? አንቺስ?»

ባትሪዋ መኪናው ሆድ ውስጥ ገብታለች፤ እጅ አይደርስባትም።

«ያሳየሁት እኔ ነኝ» አለችው። «ሂድ በል፣ ልጆቹ እንዳይረፍድባቸው።»

ሰውየው መስኮቱን ዘግቶ መኪናውን ነድቶ ወጣ። እሷም ከኋላው ለቆመው መኪና ግባ ብላ እጇን አወዛወዘች።