እኔና ቦራ ወደ እስቴ ጠበል የሄድን ጊዜ

ከቤት የወጣነው ጥር ሊያልቅ ሲል ነው፤ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ የባሌ አጎት አያ ጥጋቡ፣ እና በቅሏችን ቦራ። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ነው ቦራ የምንላት። ቤታችን ከንፋስ መውጫ በላይ፣ ብርዱ ከበረታበት ነው። የምንሄደው ደግሞ እስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ካለ ጠበል። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ይቺ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ "ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነበር?" ብትለኝ፣ አያ ጥጋቡ ገና ጥርስ የነበራቸው ጊዜ ነው አልኳት። ከዚያ በላይ አላውቅም።

የሄድንበትን ምክንያት ልናገር። ክረምቱን ኩፍኝ ገባና የሦስት ዓመት ወንድ ልጄን ወሰደብኝ። እንደ አገሩ ወግ ፊቴን ነጨሁ። ቄሶቹ ቢገዝቱም ለቅሶ ላይ ማን ይሰማል? የሌላዋ ሴት ፊት አርባው ሲወጣ ይሽራል። የኔ አልሻረም። ቅርፊት ሲይዝ እልጠዋለሁ፣ ሲደርቅ እቧጥጠዋለሁ። ቀኙ ዳነ፤ ግራ ጉንጬ ግን ቁስል ሆኖ ቀረ። አውቄ አልነበረም። እህል እየለቀምኩ፣ ውሃ እየቀዳሁ፣ እጄ ራሱ ይሄዳል፤ ደሙ አገጬ ላይ ሲደርስ ነው የምባንነው።

አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። ግን ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ ነበረችኝ፤ ደሜ ልብሷ ላይ ሲንጠባጠብ አዩና ከእጄ ወሰዷት። የባሌ ወንድም ሚስት ታጠባት ጀመር።

"ራሷን የምትቧጥጥ እጅ ልጅ አትይዝም" አሉኝ። "ጠበል ሂጂ። ፊትሽ ሽሮ ከመጣሽ ልጅሽን ትወስጃለሽ። ካልሻረ ልጅቱ እኔ ጋ ታድጋለች፣ አንቺም ወደ አባትሽ ቤት።"

ከአሮጌ ቡልኮ ሁለት ከረጢት ሰፉና እጆቼን እስከ አንጓዬ ከተው አሰሩልኝ።

ቦራም ከኔ አትሻል። ጓደኛዋ፣ አንዲት ጥቁር በቅሎ፣ በዚያው ክረምት ገደል ገባችና ሞተች። ከዚያ ወዲህ ቦራ አንገቷን አዙራ ከትከሻዋ ኋላ ጎኗን ትነክሳለች፤ ጠጉሩ አልቆ ሥጋው እስኪታይ። አንገቷን እንዳታዞር አማቴ ግራና ቀኝ እንጨት አሳሰሩባት፤ "እሷም ጠበል ትረጭ" ተባለ። በዚያ ቁስል ላይ ኮርቻ አይሆንም፤ ባዶዋን ትሄዳለች፣ እኛ ስንቅ ተሸክመን በእግራችን።

"በቅሎይቱ እንጨት፣ ምራቲቱ ከረጢት!" አሉ አያ ጥጋቡ በሩ ላይ። "ያየን ሰው ሌባ ይዤ ዳኛ ፊት የማቀርብ ነው የሚመስለው።"

እስከ ቤተ ልሔም

የመጀመሪያው ቀን መንገድ ሜዳ ነው። የተወቀጠ በሶ ይዘናል። እኔ እጄ ታስሯል፤ አያ ጥጋቡ በሶውን በውሃ እየጨበጡ ያጎርሱኛል።

"ክፈቺ አፍሽን፣ ሙሽሪት፤ ሚዜሽ ነኝ" ይሉኛል። ጢማቸው ውስጥ ከኔ አፍ የበለጠ በሶ ገብቷል። መሳቅ ፈልጌ ጉንጬ ተሰነጠቀብኝ።

ቤተ ልሔም አጠገብ አንዲት ሴት ቤት አሳደሩን። ከወዲያ፣ ከደብሩ፣ የተማሪዎቹ ዜማ ይሰማል። ሴትዮዋ እግሬን ሊያጥቡኝ ጎንበስ ሲሉ ከረጢቶቹን አይተው ወደ አያ ጥጋቡ ዞሩ።

"ምን ሰርቃ ነው?"

"የራሷን ፊት" አሉ አያ ጥጋቡ።

ሴትዮዋ እግሬን ሁለት ጊዜ አጠቡኝ።

ጠዋት ስነሳ ትከሻዬ ላይ ነጠላው በደም ተጣብቋል። እጄ ሲታሰር ጉንጬን በትከሻዬ ስፈትግ አድሬያለሁ። ወጥተን ብናይ ቦራም ጎኗን ከካቡ ድንጋይ ጋር ፈትጋ ፈትጋ ካቡ ቀልቷል። አያ ጥጋቡ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩና ነጠላውን በውሃ አርሰው አላቀቁልኝ። 

ወገዳ ገበያ

ከዚያ ቁልቁለት ነው። ከገብስ አገር ወርደን ማሽላ አገር ገባን፤ ሙቀቱ ጋቢ አስወለቀን። ቁስል ላይ ዝንብ ሲያርፍ እጅ ለሌለው ሰው መከራ ነው፤ አያ ጥጋቡ በቅጠል እያባረሩልኝ ሄዱ። ወንዙን ተሻግረን፣ አንድ ቤት አድረን፣ ዳገቱን ወጥተን በሦስተኛው ቀን ሲማዳ፣ ወገዳ ገበያ ደረስን። ገበያው ሞልቷል። ሽምብራው ርካሽ ነው፤ በስሙኒ ስልቻችንን ሞላንበት። ጨው ግን ከኛ አገር ይወደዳል። ጨው የሚሸጡት ኑሩ የሚባሉ እስላም ነጋዴ ናቸው፤ ንፋስ መውጫ እየመጡ ስለሚነግዱ ከአያ ጥጋቡ ጋር ይተዋወቃሉ።

ኑሩ ጨዉን እየሰፈሩ ዓይናቸው ቦራ ላይ ነው።

"ይቺን በቅሎ ምን አድርጋ አሰርካት?"

"ራሷን ትበላለች።"

"ባንተ ስስታም እጅ ተርባ ነዋ!"

"ሂድ ወዲያ! ገብስ ከኔ በላይ ትበላለች።"

ኑሩ ጨዉን ትተው ተነሡ። ቁስሏን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ አልነኩትም።

"ጓደኛዋ የት ሄደች?"

አያ ጥጋቡ ደነገጡ። "ማን ነገረህ?"

"ቦታው። ና ወዲህ።"

ከዋርካው ሥር የሳቸው ሁለት በቅሎዎች ጭነት ወርዶላቸው ቆመዋል። አንዷ ወደዚህ፣ አንዷ ወደዚያ ዞራ፣ ጎን ለጎን። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ይቺ የዚያችን፣ ያቺም የዚችን፣ ከትከሻ ኋላ በጥርሳቸው ቀስ ብለው ይተካከካሉ። ቦራ የምትነክሰው ያንኑ ቦታ ነው።

"አየህ?" አሉ ኑሩ። "እዚህ ላይ ጓደኛዋ ናት የምታክካት። ጓደኛ ሲሞት ቦታው ይቀራል፤ ይበላታል። ራሷ ላክ ስትል አትችልበትም፣ ትነክሳለች። እንጨት ብታስርባት ድንጋይ ትፈልጋለች። ለምን ታስራታለህ? እከክላት እንጂ!"

እኔ ቆሜ እሰማለሁ። ያን ጊዜ ነው ልጄ ትዝ ያለኝ፤ መሞቱ አይደለም፣ አተኛኙ። ጡት ከተወ ወዲህ እንቅልፍ የሚወስደው ግራ ጉንጬን በመዳፉ ይዞ ነው። በጥፍሩ ጫር፣ ጫር ያደርገኛል፤ ጫር ማድረጉን ሲተው መተኛቱን አውቃለሁ። ግራዬን። ያንኑ ቦታ። ስድስት ወር ሙሉ ስቧጥጠው ይህን አላሰብኩትም።

"አያ ጥጋቡ፣ እጄን ይፍቱኝ" አልኩ።

"ለምን?"

"ቦራን ልከክላት።"

"አማትሽ ይሰቅሉኛል! 'ጉንጯን ስትነካ ካየህ ንገረኝ' ብለው አስምለውኛል።"

"ያዩትን ይንገሯቸዋ። ልጄን የማጣው እኔ ነኝ፣ እርስዎ ምን ያጣሉ?"

ኑሩን አዩ፣ እኔን አዩ። "አንዱን ብቻ" አሉና የቀኙን ፈቱልኝ። የቦራንም እንጨት አወለቁላት።

ከቁስሉ ዙሪያ፣ ጠጉር ካለበት ጀምሬ በጥፍሬ አከክኋት። መጀመሪያ ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ። ቆይታ አንገቷን ዘረጋች፣ የታች ከንፈሯ ተንጠለጠለ። ከዚያ እናንተዬ፣ አንገቷን አዙራ ልትነክሰኝ ነው ስል፣ በከንፈሯ ትከሻዬን፣ ያን ደም የነካውን ነጠላ፣ ታክክልኝ ጀመር! ውለታ መመለሷ ነው። አለቀስኩ። ልጄ ከሞተ ወዲህ እጄ ወደ ፊቴ ሳይሄድ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

ጠበሉ

ከወገዳ እስቴ ድረስ እያከክኋት ሄድን። ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ጠበሉ ደርሰን ሁለት ሱባኤ ተቀመጥን። ራሱን የሚጎዳ ሰው እዚያ ይታሰራል፤ ዛፍ ሥር እጃቸው የታሰረ ሁለት ሴቶች አየሁ። አጥማቂው አባ ግራ እጄ ላይ የቀረውን ከረጢት አይተው "ይቺስ ለምን በከፊል ታሰረች?" አሉ።

አያ ጥጋቡ የበቅሎዋን ነገር ከአንድ እስከ መጨረሻ ነገሯቸው። አባ ስቀው ያባርሩናል ብዬ ነበር። "እግዜር በበቅሎም ያስተምራል" አሉና ከረጢቱን ራሳቸው ፈቱት። "ጠዋት ተጠመቂ፤ ቀን ደግሞ እጅሽ ሥራ አይፍታ።"

ሁሉም በአንድ ቀን ተሻለ ብዬ አልዋሽም። በአምስተኛው ቀን አንዲት ሴት የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አዝላ መጣች። አየሁትና እጄ ሄደ፤ ስባንን ቅርፊቱ ተልጦ እጄ ላይ ነው። አያ ጥጋቡ አይተውኛል። ያሰሩኛል ብዬ ሁለቱንም እጆቼን ዘረጋሁላቸው።

"ለምን ትዘረጊልኛለሽ? ቦራ ትጠብቅሻለች፤ ሂጂ!" ብለው ተቆጡኝ።

አንድ ሌሊትም በነጠላዬ ተሸፍኜ ነካሁት፤ አያ ጥጋቡ ያዩኝ አልመሰለኝም። ሱባኤው ሲያልቅ ግን ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ ወደቀ፤ ከሥሩ ቀይ አዲስ ቆዳ። ቦራም ጎኗ ላይ እንደ ቀበሮ ግልገል የለሰለሰ ጠጉር አበቀለች።

መመለስ

መካነ ኢየሱስ ገበያ አያ ጥጋቡ ጆሮው የተሸረፈ ሽማግሌ አህያ ገዙ። "ጭነት ምን ይችላል?" ብላቸው፣ "ማን ጫኑት አለሽ? ለማከክ ነው የቀጠርኩት" አሉኝ። ቦራ ሁለት ቀን ረገጠችው። በሦስተኛው ቀን፣ ወንዙ ዳር፣ ጎን ለጎን ቆመው አገኘናቸው።

ቤት ስንደርስ አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃን አዞሩት።

"አልነካችም?" አሉ አያ ጥጋቡን።



"ሁለት ጊዜ ነክታለች" አሉ አያ ጥጋቡ። "አንዱን አሳይታኛለች፣ አንዱን ደብቃብኛለች። በቅሎይቱም አምስት ጊዜ ነክሳለች። አሁን ሁለቱንም ይዩዋቸው።"

አማቴ ቦራ ጋ ሄደው ጎኗን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ገብተው ልጄን ይዘው ወጡ።

ልጄ ግን አላወቀችኝም። ስዘረጋላት ጮኸች፣ አማቴን አንገት ይዛ ተጣበቀች። እጄ ሲነሣ ተሰማኝ። ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ዞሬ ቦራ ላይ አሳረፍኩት፤ አከክኋት፣ ቦራም ትከሻዬን ታክክልኛለች። አማቴ ልጅቱን መሬት አወረዷት። እኔ በሌለሁበት መራመድ ጀምራ ኖሯል! ጩኸቷን ትታ በቅሎ ሰው ስታክ ትመለከታለች። ቆይታ ዳዴ ዳዴ እያለች መጥታ ቀሚሴን ያዘች። አነሣኋት።

ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው። ከዚያ ወዲህ ፊቷን የምትነጭ ሴት ባይ፣ ላባዋን የምትነቅል ዶሮም ባይ፣ ገመድ አልፈልግም፤ ማን እንደጎደላት እጠይቃለሁ። ይህን የተማርኩት ከጨው ነጋዴ ነው።

ያን ቀን የታቀፍኳት ይቺ የምትጽፍልኝ ልጅ እናት ናት። ማታ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል እጇን ሰድዳ ጉንጬን ያዘች። ቀኙን። ግራው የወንድሟ ነው፤ ማንም አልነካብኝም፣ እኔም ራሴ።