ዝም የሚለው ሳጥን

የአባታችን ሸክላ ማጫወቻ ድምፁ የጠፋው መብራት በአንድ ቀን አምስቴ ሄዶ አምስቴ በመጣበት ሳምንት ነው። ማጫወቻው ራሱ ደህና ነበር፤ ይዞራል፣ መርፌውም አለ። የተቃጠለው ድምፁን የሚያጎላው አሮጌ ራዲዮ ነው። አባታችን ሁለቱንም ያመጣቸው ሱዳን ገዳሪፍ በትራክተር ሾፌርነት ሠርቶ ሲመለስ ነው፤ ሠላሳ ከሚሆኑ ሸክላዎች ጋር። አባታችን አሁን የለም። መተማ ባለው ቤቱ የቀረነው እኔና በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ነን። እሱ ትራክተር ይጠግናል፣ እኔ የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ።

ማጫወቻውን ከስልኬ ዘፈን በምሰማበት ስፒከር ላይ ሰካሁት። ዘፈኑ ከትንኝ ድምፅ የማይሻል ሆኖ ወጣ። እስከ መጨረሻው ባጮኸውም ከበሮው የለም፣ ክራሩ ብቻ ይንጫጫል። ተናደድኩ። እኔ ከተናደድኩ ነገር አልተውም፤ ወንድሜ ይህን ጠባዬን መዥገር ይለዋል። ደግሞ ሚያዝያ ገብቶ ሙቀቱ ሸክላዎቹን ማጣመም ጀምሮ ነበር። ሁለቱ ጠርዛቸው ተነሥቷል።

ሸሕዲ ሄጄ ዕድሜያቸውን ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ጠየቅሁ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ከመርፌው የሚወጣው ጉልበት ኢምንት ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው። መኻል ገብታ ጉልበቱን የምታሳድግ፣ የተቀነሰውንም የምትመልስ አንዲት ሳጥን ያስፈልግሻል። ፎኖ ይሏታል። የድሮው ራዲዮ ሆዱ ውስጥ ነበረችው፤ የዛሬ ስፒከር የለውም።»

ምክርም ጨመሩልኝ። የእኛ መርፌ ተራው ዓይነት ስለሆነ ለውድ መርፌ የተሠራ ሳጥን ላይ ገንዘቤን እንዳልጥል፤ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል ቢሉኝም እንዳልሰማ፤ ቀፎዋ ብረት፣ ከማጫወቻው የሚመጣውን የግራውንድ ሽቦ የምታስርበት ብሎን ያላት ትሁን አሉኝ።

እርሳቸው ራሳቸው ከአሮጌ ቴፕ ዕቃ የሠሯት አንዲት ነበረቻቸው፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ። ርካሽ ነበረች። ሲሰኳት ከበሮው ተመለሰ። ግን ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት፣ መርፌው ባዶውን ጠርዝ ሲይዝ፣ ከሥር እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ አለ።

«ዘፈኑ ሲጀምር አይሰማሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እኔ ግን አልወሰድኳትም።

ጦርነቱን ሸሽቶ ከድንበሩ ማዶ የመጣ ሱዳናዊ ነጋዴም ከቤቱ ይዞት የወጣውን አንድ ያገለገለ ሳጥን አሳየኝ። የቀኙ ድምፅ እየተቆራረጠ ይመጣል፣ እምምታው ግን የባሰ ነው። «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ትለምጂዋለሽ» አለኝ። እሱንም ተውኩት።

እምምታው ምን አደረገሽ የሚል ሰው መተማ ኖሮ አያውቅም። እዚህ ሰው የሚያዳምጠው ዝምታን ነው። የወፍጮው ሞተር ድንገት ሲቆም፣ ማዶ ጋላባት ረጭ ሲል፣ የጎረቤት ውሻ ጩኸቱን ሲያቋርጥ፣ ሁላችንም የያዝነውን እንደያዝን ቀጥ እንላለን፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመስማት። እንዲህ እያዳመጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው። በቤቴ ውስጥ ክፉ ነገር የማይከተለው አንድ ዝምታ ፈለግሁ፤ ከዘፈን በፊት ያለችውን ያቺን አጭር ዝምታ፣ ንጹሕ አድርጌ። ከዚህ የበለጠ ምክንያት ቢኖረኝ ዛሬ ደስ ባለኝ።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ የትራክተር ፓምፕ ሊገዛ ጎንደር ሄደ። እዚያ አንድ የሙዚቃ ዕቃ ቤት ሁለት ዓይነት አዲስ ፎኖ እንዳለው ሰምቼ ነበር፤ አንዱ የፕላስቲክ፣ አንዱ የብረት፣ ብረቱ ትንሽ የሚወደድ።

«ሳልሰማው እንዳትገዛ» አልኩት።

«አንቺ መተማ ቁጭ ብለሽ እንዴት ነው የምትሰሚው?»

«ስልክህን ስፒከሩ ላይ ትይዝልኛለህ።»

ሳቀብኝ። እሺ ግን አለ። በሕይወቱ እሺ ያላለኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

በጎንደርና በመተማ መኻል መኪና ብቻውን አይሄድም። ጧት ከጎንደር ጫፍ አዘዞ ላይ ተሰብስቦ፣ ከፊትና ከኋላ ጠባቂ ይዞ ይነሳል። አጀብ እንለዋለን። ተሳፋሪውም ከአይከል ይደውላል፣ ከነጋዴ ባሕር ይደውላል፣ ከሸሕዲ ይደውላል። ቤት ያለ ሰው እነዚያን ሦስት ጥሪዎች እየጠበቀ ሥራውን ይሠራል። ሁለተኛው ጥሪ ሲዘገይ እጅ ሥራውን ይተዋል።

በደረሰበት ዕለት ጎንደር መብራት ስላልነበረ ሳጥኖቹን ሳይሞክር አደረ። በማግስቱ ሱቁ እንደተከፈተ ደወለልኝ።

«እታለም፣ ፓምፑን ጭኛለሁ። አጀቡ ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ቶሎ በይ።»

የፕላስቲኩን ከሱቁ ማጫወቻ ጋር ሰኩ። መርፌው ባዶውን ጠርዝ ሲይዝ ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ ያዘልኝ። ምንም የለም። የብረቱን ሰኩ። ምንም የለም። ሁለቱ እንዴት እኩል ይሆናሉ ብዬ አላመንኩም።

«መጀመሪያ የሰማሁትን መልሰው» አልኩት።

መለሰው። «ድምፁን ጨምረው» አልኩት፣ ጨመረው። «ቀረብ አድርገው፣ ትንፋሽህን ያዝ» አልኩት። ትንፋሹን ያዘልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ በአንድ ጣቴ ሌላኛውን ጆሮዬን ደፍኜ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ የጎንደርን ዝምታ አዳመጥኩ።

«አንድ ጊዜ ድገመው።»

«እታለም፣ ሰዓቱ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

ደገመው። በመጨረሻም ምንም ሳልለይ፣ ሽማግሌው ያሉትን አስቤ፣ የብረቱን ያዝ አልኩት።

አዘዞ ሲደርስ አጀቡ ሄዷል። አንድ ዘግይቶ የጫነ አይሱዙ አገኘ፤ ሾፌሩ አይከል ላይ እንደርስባቸዋለን ብሎት ጋቢና ገባ። ከአይከል ሲደውል አልደረሱባቸውም ነበር።

«መንገዱ ሰላም ነው ይላሉ» አለኝ። «ሳጥንሽን ታቅፌዋለሁ፤ እንደ ሕፃን።»

«እደር» ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጎረምሳ አይደለም፣ መንገዱን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል ብዬ ተውኩት። ውስጤ ግን ቃሉ ተቀምጦ ቀረ።

ከነጋዴ ባሕር የሚደወለው ጥሪ አልመጣም። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። የፎቶ ኮፒውን ማሽን አጠፋሁት፣ ስልኩ ቢጮህ እንዲሰማኝ። በዘጠኝ ሰዓት የአጀቡ መኪናዎች መተማ ገቡ። አንዱ ሾፌር ወርዶ አየኝና፣ ምንም ሳልጠይቀው፣ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ወንድሜ ዘጠኝ ቀን ታገተ። እንዴት እንደተለቀቀ አልጽፍም፤ ሌላም ሰው ያለበት ነገር ነው። በአራተኛው ቀን ከሸሕዲ ሽማግሌው ጠጋኝ ሊያጽናኑኝ መጡ። አፌን ምን እንዳስከፈተው አላውቅም፣ በስልክ እንዴት እንደመረጥኩ ነገርኳቸው።

«በስልክማ አይሆንም፣ ልጄ» አሉኝ፣ የሥራ ጥያቄ የጠየቅኳቸው መስሏቸው። «እንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ ስልክ አያሳልፍም። እስከ ማታ ብታዳምጪም ያው ነው።»

ምን እንዳሉኝ አላወቁም።

ወንድሜ በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሸሕዲ በመጣ ሚኒባስ ወረደ። ከስቷል፤ ጫማው የራሱ አይደለም። ሳጥኑን ግን በፌስታል ይዞታል። አጋቾቹ ከፍተው አይተው፣ የማይረባ ነው ብለው መልሰው እንደወረወሩለት ነገረኝ። ሌላ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሾፌሩ ሊያመልጥ መሪውን ሲጠመዝዝ፣ ከወንድሜ በኩል ባለው መስኮት አፈሙዝ አስገብተው፣ በእሱው ጆሮ አጠገብ ተኩሰው ሾፌሩን መቱት። ሾፌሩ እዚያው ቀረ። እኔ ያንን ሰው አላውቀውም። ዘግይቶ የተነሳው በራሱ ምክንያት ነው እያልኩ ራሴን ላሳምን እሞክራለሁ።

ሁለት ቀን ቤቱ በሰው ሞላ። እንኳን አተረፈህ የሚለው ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ የጎረቤቱም ወፍጮ ሲያጓራ ይውላል። ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር። ወፍጮው ቆመ፣ ሰዉም ሄደ። ወንድሜ አንገረቡ ላይ፣ በአባታችን የገመድ አልጋ፣ በማራገቢያው ሥር ዓይኑን ጨፍኖ ተጋድሟል።

«በይ አሰሚኝ» አለኝ። «ምን እንደተሸከምኩ ልወቀው።»

ሳጥኑን ሰካሁት። የግራውንዱን ሽቦ በብሎኑ አሰርኩ። ካልተጣመሙት አንዱን ሸክላ አስቀምጬ መርፌውን ጠርዙ ላይ አወረድኩ። ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ። ምንም የለም። እምምም የለ፣ ጥዝዝ የለ። ያ የፈለግሁት ዝምታ፣ ንጹሑ፣ እሱ ነበር።

«ይሄ ነው እንዴ እምምም የምትይው?» አለኝ ወንድሜ።

ዞርኩ። ዓይኑን ገልጦ ያየኛል።

«የቱ?»

«ይሄ የሚጮኸው ነዋ። አይሰማሽም?» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከሳጥኑ ነው፣ አይደል?» አለኝ።

አጠያየቁ ውስጥ ልመና ነበር። ልጅ ሆነን እንኳ እንዲህ ለምኖኝ አያውቅም።

«አዎ፣ ከሳጥኑ ነው» አልኩት። «አታለሉን።»

ፈገግ አለ። ትከሻው ሲላላ አየሁት። «ለዚህ ነው ያ ሁሉ» አለ፣ እንደ ቀልድ፣ ዓይኑንም መልሶ ጨፈነ። ዘፈኑ ጀመረ፤ ከበሮውም ሌላውም ሁሉ ነበረው። እኔ ምንም አልሰማሁም። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሸክላው ያልቃል፣ ከዚያስ? ሳጥኑን ባጠፋው በጆሮው ያለው ድምፅ አለመቆሙን ያውቃል። ስለዚህ ሸክላው ሲያልቅ ገለበጥኩት፣ ደግሞ ሌላ አስቀመጥኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ መብራት ሄደ።

ሸክላው እየዘገመ መዞሩን አቆመ፣ ዘፋኙም እየሰመጠ ሄዶ ጠፋ። የማራገቢያው ክንፍ ቀስ እያለ ቆመ። የሳጥኑ ቀይ መብራት የለም። መንደሩ በሙሉ ረጭ አለ። ትንፋሼን ይዤ ወንድሜን አየሁት። ዓይኑን አልገለጠም። ያ ጆሮው ያለበትን ጎን ወደ ትራሱ አዙሮ ጫን አደረገው።

«እታለም፣» አለኝ በእንቅልፍ ድምፅ፣ «ዘፈኑ ካለቀ በቃ አጥፊው፣ ልተኛ።»

«እሺ» አልኩት። ተነሥቼ ሄድኩና የጠፋውን ሳጥን ማጥፊያ፣ ቀጭ ሲል እንዲሰማው አድርጌ ተጫንኩት።