ለክብር በር የተነቀለው እንጨት

ትናንት ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ሜሮን ከዲላ ደወለችልኝ። የምህንድስና ተማሪ ናት። ኢንተርንሺፕ የሚሉትን የተግባር ልምምድ እንድታደርግ ከዲላ በላይ ባለው ተራራ ላይ መንገድ ከሚሠራ ድርጅት ጋ ልከዋታል። ስለ ብርዱ፣ ስለ ጭቃው፣ አብራት ስለምታድረው ልጅ ማንኮራፋት ስታወራኝ ቆየችና በመሃል፣ «አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ከላይ ትልልቅ እንግዶች መጡ ተብሎ ሄልሜታችንን ሰብስበው ለእነሱ አደረጉላቸው» ብላ ሳቀች።

«እናንተስ?» አልኳት።

«እኛማ ዳር ቆመን አጨበጨብን። ከኋላችን ማሽኑ ይቆፍራል፣ ከፊታችን እነሱ ፎቶ ይነሳሉ።»

እሷ ሳቀች፣ እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የቀረበልኝ ሻይ ሳልነካው ቀዘቀዘ። ሜሮን በወጣትነቴ መሬት ተንዶብኝ ቀኝ እግሬን እንዳጣሁ ታውቃለች። መሬቱ ለምን እንደተናደ ግን ነግሬያት አላውቅም። ለማንም ደህና አድርጌ ተናግሬው አላውቅም፤ ስጀምረው ደሜ ይፈላና ንግግሩ ይበላሽብኛል። እስቲ ደግሞ በጽሑፍ ልሞክረው።

ጊዜው ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ይላል። የምህንድስና ኮሌጅ ተማሪዎች ነበርን፤ ክረምት ሲገባ ሁለት ሁለት እያደረጉ ሥራ ወዳለበት አገር ይበትኑናል። እኔና ጓደኛዬ ግርማ ከዲላ ወደ ቡሌ ሽቅብ የሚወጣ መንገድ ደረሰን። ከመሄዳችን በፊት ዲኑ አዳራሽ ሰብስበው መከሩን። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ከአገሬው ሰው ጋር አትጣሉ፣ የኮሌጁን ስም አደራ አሉን። ለወባ የሚሆን ክኒንም በወረቀት እየተጠቀለለ ታደለን። ለደህንነታችን የተደረገው ዝግጅት ይኸው ነበር። ቡሌ ደግሞ ደጋ ነው፤ የዚያን አገር የክረምት ብርድ እንኳን የወባ ትንኝ እኛም አልቻልነውም።

ዲላ ስንደርስ ዝናብ ነበር። በማግስቱ የጭነት መኪና ላይ ተጭነን ወጣን። ታች ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተሸሽጓል፤ ከፍ እያልን ስንሄድ እንሰቱ እየበዛ፣ ጉሙ እየወፈረ፣ ጭቃው እየቀላ ይመጣል። አውራጃው ያኔ የሚጠራው በሌላ ስም ነበር። ሕዝቡ ራሱን ጌዴኦ ይላል፤ ጽሕፈት ቤቱ ሌላ ይጽፋል። እኛም የጽሕፈት ቤቱን ስም ይዘን ነው የሄድነው፤ ማን ይጠይቃል።

ድንኳናችን የተተከለው በራሶ ከሚባል ገበሬ ጓሮ አጠገብ ነው። መንገዱ ከእንሰቱ ብዙውን ቆርጦበታል፤ ሆኖም ቂም አልያዘብንም። ግርማ እንደ እኔ የአሰላ ልጅ ስላልሆነ፣ ማለትም ከእኔ የባሰ የከተማ ልጅ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን እንሰቱን እያየ፣ «አባባ በራሶ፣ ይሄ ሙዝ መቼ ነው የሚደርሰው?» ብሎ ጠየቀው። በራሶ ረጋ ብሎ አየውና፣ «ይሄ ሙዝ አይደለም፣ ልጄ። እንሰት ነው። ሥሩን ነው የምንበላ» አለው። ማታውን ትኩስ ቆጮ ከጎመን ጋር በቅጠል ጠቅልሎ ላከልን። ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ ቆጮ በላኩልን ቁጥር «ሙዝ ለመሐንዲሶቹ» እያሉ ሲስቁብን ከረሙ። ደስ የሚሉ ሳምንታት ነበሩ፤ ይህን ሳልል ባልፍ እውነቱን ደበቅሁ ማለት ነው።

የምንሠራው የድልድይ መሠረት ነው። ከሰው ቁመት በጣም የሚጠልቅ ጉድጓድ ከወንዙ ዳር ተቆፍሯል። ግድግዳው እንዳይናድ ዙሪያውን በጣውላ ተለብጦ፣ ጣውላውን ደግሞ ወፋፍራም የባሕር ዛፍ ግንዶች ወዲህና ወዲያ ወጥረው ይዘውታል። ክረምት ሙሉ ውሃ የጠጣ አፈር ያለዚያ እንጨት አይቆምም። ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም፤ እኛ ግን ኮሌጅ ገብተንም ተምረነዋል።

የሥራው ኃላፊ አቶ መኩሪያ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን የምለው አዝኜላቸው አይደለም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። እሑድ እሑድ ዲላ ወርደው ሥጋ ገዝተው ያበሉናል፣ ሲበርደን የራሳቸውን ካፖርት ያውሱናል። ትልቅ ሰው መጣ ሲባል ግን ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንድ ቀን ከዲላ በጥድፊያ ተመለሱ። ከጠቅላይ ግዛቱ አንድ ትልቅ ሰው መንገዱን ሊጎበኙ በማግስቱ ይመጣሉ ተብሏል። የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው።

«ሌላው ሁሉ የክብር በር ሠርቶ ሲቀበላቸው እኛ ባዶ ሜዳ ላይ ልንቀበላቸው ነው?» እያሉ ላይ ታች አሉ። የክብር በር ለመሥራት ረጃጅም እንጨት ያስፈልጋል። ከዲላ ለማስመጣት ጊዜ የለም። ዞር ዞር ብለው ዓይናቸው ጉድጓዱ ላይ አረፈ።

«ይሄ እንጨት አለ አይደል እንዴ» አሉ።

ግርማ ደነገጠ። «እሱ ከወጣ እኮ ግድግዳው ይመጣል፣ ጋሼ መኩሪያ።»

«ለአንድ ቀን ነው። እንግዳው ሲመለሱ እናስገባዋለን። አንድ ቀን ምን ያመጣል?»

እንጨቱ ዓይናችን እያየ እየተነቀለ ወጣ። ታች መታጠፊያው ላይ በሩ ቆመ፤ ፊቱ በዘንባባና በባንዲራ ጨርቅ ተሸፈነ፤ እንኳን ደህና መጡ የሚል ጽሑፍ ተሰቀለበት። ያምር ነበር፣ ምን ይደረግ።

በማግስቱ ጠዋት ንጹሕ ልብስ እንድንለብስ ታዘዝን። «እንግዳው ባዶ ጉድጓድ አይተው ይሂዱ? ወጣት መሐንዲሶቻችንን ሥራ ላይ ነው ማየት ያለባቸው» አሉ አቶ መኩሪያ። አንዳችን ከላይ መለኪያው መሣሪያ ጋ፣ አንዳችን ከታች ባለ ቁጥሩን ዘንግ ይዘን እንድንቆም ተወሰነ። ታች እንድወርድ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእኔ ካኪ ሱሪ አዲስ ነበር፣ የግርማ ጉልበቱ ላይ ተጥፏል።

«እንጨቱ ሳይመለስ ልውረድ?» አልኳቸው።

«ለጥቂት ደቂቃ ነው የኔ ልጅ። በእሳቸው ፊት እንዳታሳፍረኝ።»

የልምምዳችንን ውጤት ጽፈው ለኮሌጁ የሚልኩት እሳቸው ናቸው። ወረድኩ።

ሠራተኛው ሁሉ መንገድ ዳር ተሰልፎ እንዲያጨበጭብ ተወሰደ። አካፋው፣ ዶማው፣ ባሬላው ለዓይን ያስቀይማል ተብሎ መጋዘን ገባና ተቆለፈበት፤ ቁልፉን የያዘውም ሰልፍ ላይ ነው። ጥቂት ደቂቃ የተባለው ረፈደ። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። እኔ ዘንጌን ቀጥ አድርጌ ይዤ፣ ውሃ ከግድግዳው እየተንጠባጠበ ጫማዬ ውስጥ ሲገባ እያየሁ ቆሜያለሁ። ግርማ ከላይ፣ «ውጣ በቃ፣ የሚመጡ ሲመስል ትወርዳለህ» አለኝ። ልወጣ መሰላሉን ያዝኩ። ያን ጊዜ ነው የወንዙ ወገን ያለው ግድግዳ ሙሉውን የመጣው።

ድምፅ የለውም። ሰው ይጮኻል ብሎ ያስባል፤ አፈር አይጮኽም። እስከ ደረቴ ቀበረኝ። ከአፈሩ ጋር አንድ ድንጋይ ወርዶ ቀኝ እግሬን ከመሰላሉ ጋር አጣብቆታል። መተንፈስ እንጂ መናገር አልቻልኩም። ግርማ እየጮኸ ወደ መጋዘኑ ሲሮጥ፣ የተቆለፈውን በር ሲደበድብ ይሰማኛል።

ያወጣኝ በራሶ ነው። ጩኸቱን ሰምቶ የእንሰቱን መቆፈሪያ ይዞ ከጎረቤቶቹ ጋር መጣ። ግርማና እነሱ፣ ሌላው ግድግዳ ከላያቸው ተንጠልጥሎ እያለ፣ በመቆፈሪያና በእጃቸው ዛቁት። በራሶ በቋንቋው የሆነ ነገር እየደጋገመ ያወራኝ ነበር። ምን እንዳለኝ አላውቅም። እንዳልተኛ እንደሆነ ግን ገባኝ።

የጭነት መኪናው ሾፌር ከተሰለፉት መሃል ሾልኮ መጣ። ከኋላ አስተኙኝና ቁልቁል ወደ ዲላ ጀመርን። ሩቅ አልሄድንም። በሩ ጋ ስንደርስ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አቆመን። መንገዱ ከአንድ መኪና በላይ አያሳልፍም፣ እንግዳው ደግሞ ሽቅብ እየመጡ ነው።

«ሰው እየሞተብን ነው» አለው ግርማ።

«ትእዛዝ ነው ወንድሜ። እሳቸው ሳያልፉ መኪና አይወርድም። ከእሳቸው ጋር ፊት ለፊት ላጋጥምህ?»

አቶ መኩሪያ እየሮጡ መጡ። ሲያዩኝ ፊታቸው አመድ መሰለ። ጭንቅላቴን ዳበሱኝ፣ «አይዞህ፣ አይዞህ» አሉ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረው፣ «ዳር አስይዘው። ሸራ አልብሱት፣ እንዳያዩት» አሉ።

ሸራ አለበሱኝ። ግርማ ሲሳደብ፣ ሲለምን፣ ሲያለቅስ በላዬ ይሰማኛል። በሸራው ቀዳዳ የማየው የክብር በሩን ጀርባ ነበር። ፊቱ ነው ዘንባባና ጨርቅ የለበሰው፤ ከኋላ እንጨቱ እንዳለ ነው። የጉድጓዱ ቀይ ጭቃ ገና አልደረቀበትም። ከምፈልገው በላይ አየሁት። ዛሬም ሠዓሊ ብሆን አንዱን ግንድ ከሌላው ለይቼ እሥለዋለሁ።

እንግዳው ከብዙ ሰዓት በኋላ መጡ። ተጨበጨበ። በኋላ ግርማ እንደነገረኝ፣ ጃንጥላ ተይዞላቸው ከመኪናቸው ወረዱ፣ በሩ ሥር ቆመው አጭር ንግግር ሰሙ፣ ሰማዩን ቀና ብለው አዩና ተመልሰው ገቡ። መኪናቸው ዞሮ ወደ ዲላ ወረደ። ጉድጓዱ ጋ አልደረሱም። እኛም እሳቸው ዲላ እስኪደርሱ ከኋላቸው በዝግታ ተከተልን፤ እሳቸውን ቀድሞ የሚያልፍ አልነበረም።

ሆስፒታል ስደርስ መሽቶ ነበር። የውጭ አገር ሐኪም ነው ያየኝ። ከጉልበቴ በታች ሲቆርጠው አላወቅሁም። ስነቃ በአስተርጓሚ፣ «ጠዋት አምጥተውህ ቢሆን እሞክር ነበር» አለኝ። ሰውየው እውነቱን ነው የተናገረው፤ ምነው ባልተናገረ።

ቁስሉ ሲጠግግልኝ ኮሌጅ ተመለስኩ። ዲኑ፣ «እኛ ጤነኛ አድርገን ነው የላክንህ። እዚያ ከደረስክ በኋላ ኃላፊነቱ የሥራው ባለቤት ነው» አሉኝ። የሥራው ባለቤት ደግሞ፣ «ሠራተኛችን አይደለም፤ ሊማር የመጣ እንግዳ ነው» ብሏል። የኮሌጁም አልሆንኩ፣ የእነሱም አልሆንኩ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ በገዛ ፈቃዴ የበቀልኩ ይመስል። ይህም ሳያንስ ልምምዱን አላጠናቀቀም ተብሎ ወደሚቀጥለው ዓመት እንዳላልፍ ተወሰነ። ዳግመኛ ተልኬ ማጠናቀቅ አለብኝ። በክራንች የሚሄድ ልጅ የሚቀበል የመንገድ ሥራ የት ይገኛል? ጠየቅሁ። የለም።

አባቴ አሰላ ልብስ ሰፊ ነበር። ሲነገረው ባለችው ኮት ላይ ነጠላውን ደርቦ አዲስ አበባ መጣ። አብሬው ዲኑ ቢሮ ገባሁ። እንዲጮኽልኝ ነበር የፈለግሁት። ልጄን ምን አደረጋችሁት እንዲልልኝ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጠረጴዛ እንዲመታልኝ። አባቴ ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነሳ። «ልጄን በሕይወት ስለመለሳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው። ዲኑም፣ «ምንም አይደል» አሉት።

ወጥተን ደረጃው ላይ ክራንቼን ሲያስተካክልልኝ፣ «ደህና ሰዎች ናቸው። ወንበር ሰጡኝ እኮ» አለኝ።

በዚያ ቀን የተሰማኝን አልረሳውም። ከእግሬ ይልቅ እሱ አመመኝ። ትከሻውን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ፤ ምን እለዋለሁ? ምህንድስናው ቀረና ሒሳብ አስተማሪ ሆንኩ። ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ ይላሉ። ስንቱን መሐንዲስ አድርጌ ላክሁ፤ ግርማ ድልድይ ሠርቶ ሲያስመርቅ ጠርቶኝ ሄጄ አጨብጭቤለታለሁ። ነፍሱን ይማር፤ እስኪሞት ድረስ ያንን ሱሪዬን ሲያነሳ ያለቅስ ነበር።

በዚህ ዕድሜህ ይቅር በል ይሉኛል ዘመዶቼ። ማንን? ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው እኮ የለም። ሁሉም ስለ አደጋ ነው የሚያወሩት። አደጋ አልነበረም። ድጋፉን ነቅለው ወሰዱበት፣ አፈሩ ወረደ። አባቴ ላይ ግን አልፈርድም። ትልቅ ሰው ሲቀጣና ሲምር እንጂ ሲጠየቅ አይቶ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ለሜሮን መልሼ ደወልኩላት።

«ነገ ዲላ እመጣለሁ» አልኳት።

«ምን ልትሠራ?»

«አለቃሽን ላነጋግር።»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ እባክህ አትምጣ። ሽማግሌ ይዛ መጣች ይሉኛል። ሰው ፊት አፍራለሁ» አለችኝ።

የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ዲላ ሩቅ አይደለም። ልብሴን አዘጋጅቻለሁ፣ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ። ሥራው ቦታ ድረስ እወጣለሁ፤ አለቃው ማንም ይሁን እሱን አስጠርቼ፣ ትናንት ያቺ ልጅ ያለ ሄልሜት ለምን እዚያ ቆመች ብዬ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ እጠይቀዋለሁ። እስኪመልስልኝም አልሄድም። ታፍርብኛለች። ትፈር።