ወንዙ በምሥራቅ ነው

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የአንዲት ትንሽ የቼክ ከተማን ነገር ግን ከሰፈሬ አብልጬ አውቅ ነበር። ያውም ከጉለሌ ሳልወጣ! ጥፋቱ የአጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በወጣትነቱ እዚያች ከተማ ሦስት ዓመት የማሽን ሥራ ተምሮ ተመለሰ። እንግዲህ ከተመለሰ አርባ ዓመት አለፈው፤ እሱ ግን ገና አልደረሰም።

ለቅሶ ይሁን ክርስትና፣ ወንበር ከሳበ አለቀልን። ትሪው ላይ ጎመኑን ወንዝ፣ ዓይቡን ግንብ ያደርግና «ወንዙ በምሥራቅ በኩል እንደ መቀነት ይዞራታል» ብሎ ይጀምራል። አደባባዩ መሀል ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ ሁለት ጊዜ የተሠራ፣ የቢራ መጥመቂያው በዕድሜ አዲስ አበባን የሚያስከነዳ። የከተማዋን ስም ሲጠራው ጉሮሮው ውስጥ አጥንት የተሰነቀረ ይመስላል። አንድ ቀን ሚስቱ «የቤታችን የውኃ ቆጣሪ የት ጋ እንዳለ ታውቃለህ?» አለችው። አያውቅም። ግንቡ ስንት በር እንዳለው ነገራት።

በዚያ ዓመት የሰፈራችን ይዞታ ይለካ ተባለ። የእናቴ ማድቤት የቆመው ከቤታችን ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ነው። የታችኛው ጎረቤታችን ደግሞ «ያ መሬት የእኔ ነው» ብሎ አመልክቷል። ድንበሩን የሚያውቅ፣ በዕድሜ የገፋ እማኝ ካላቀረብን ማድቤቱ መሄዱ ነው።

«የተማረ ወንድም እያለኝ የማንን ደጅ እጠናለሁ?» አለች እናቴ።

ለኪው ልጅ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። አጎቴ ከረባቱን አስሮ ጠበቀው።

«ጋሼ፣ ይዞታውን በምሥራቅ የሚያዋስነው ምንድን ነው?»

«ወንዝ» አለ አጎቴ፣ ሳያስብ።

ልጁ ከጀርባው የሚንሿሿውን ወንዝ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ቅጹን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ፊት ለፊት የምታቃጥለንን ፀሐይ አየ። «ወንዙ እኮ ከኋላችን ነው፤ ይሄ ምዕራብ ነው።»

«ወንድሜ፣ ወንዙ በምሥራቅ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ፀሐይዋ...»

«ስለ ፀሐይ አንተ ልታስተምረኝ!»

ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ያ የቼኮቹ ነው፤ የእኛው በዚያ ወገን ነው» አልኩት በሹክሹክታ። «አንቺ ዝም በይ» አለኝ። ልጁ የድንበሩን ድንጋይ ጠየቀው። አጎቴ ስለ ጥርብ ድንጋይ፣ ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ማማው ያወርድለት ጀመር። ልጁም አጎንብሶ ጻፈ፣ ጻፈ፣ በኋላ ቀና ብሎ «ማማ? የቱ ማማ ነው ጋሼ?» አለ።

ቅጹን አጠፈው። «እማማ፣ እኚህ እማኝ ድንበሩን አያውቁትም። ለሰኞ ሌላ ሰው ያምጡ፤ አለበለዚያ የጎረቤትዎን ቃል ይዤ ነው የምለካው።»

ልጁ እንደወጣ እናቴ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ማድቤቴን ለቼኮች ሰጠህብኝ!» አለችው። ብታለቅስ ይሻል ነበር። አጎቴ ከረባቱን ፈታ፣ እንደገና አሰረ፣ እንደገና ፈታ። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ አፋችንን ከፍተን የሰማን እኛው ነን፤ የገዛ አባቱ ግቢ የት ድረስ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ የጠየቀው የለም።

በማግስቱ ቅዳሜ አጎቴ ያለ ከረባት መጣ። እኛን አልፎ ከላያችን ካሉት ሽማግሌ ሸማኔ ቤት ገባ። ሽማግሌው የድንበሩን ድንጋይ ከአያቴ ጋር አብረው የተከሉ ሰው ናቸው፤ አጎቴ ግን ከእግዜር ሰላምታ በቀር አዋርቷቸው አያውቅም። «አባባ፣ እባክዎ ያሳዩኝ» አላቸው። ሽመናቸውን አቁመው ወጡና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በከዘራቸው እየነኩ ግቢውን አዞሩት። አጎቴም እያንዳንዱን ድንጋይ በእጁ እየዳሰሰ ተከተላቸው። ሰኞ ዕለት ሽማግሌው መሰከሩ፤ ማድቤቱም ለእናቴ ተለካ። ሲለካ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ወንዙ ዳር የወረደው አጎቴ ነበር።